አልጋ ሥር የተቀመጠው ስጦታ

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3
ዛሬም ክላስ ውስጥ ትንፍሽ ሳልል ዋልኩ። አስተማሪዋ ለእያንዳንዳችን አንድ ቃል ሰጠችን። በሌላ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ፈልገን ዓርብ ቆመን እንናገራለን። የኔ «ጊፍት» ነው። ቀላል... ከባዱ መቆሙ ነው እንጂ።
በእንግሊዝኛ ስጦታ ነው። በጀርመንኛ መርዝ! በስዊድንኛ ደግሞ መርዝም ነው፣ ያገባ ሰውም ነው። ሁሉም የመጡት «መስጠት» ከሚለው ነው ይላል መዝገበ ቃላቱ። ሰው ምን ቢሰጡት ነው ስጦታን መርዝ የሚለው?

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4
አባዬ ከኖርዝ ላስ ቬጋስ መጣ። ከእማዬ ከተለያዩ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ከበር አያልፍም። ካርቶን ሰጠኝ።
«ክፈቺዋ እንጂ!»
ይዤው ገባሁ። እማዬ ስጦታ በሰጪው ፊት አይከፈትም ብላ ነው ያሳደገችኝ። አልጋ ሥር ከተትኩት። ለምን እንደፈራሁት እንጃ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6
አባዬ ደወለ። «ወደድሽው?»
«በጣም! አመሰግናለሁ።» አልከፈትኩትም እኮ...
«እሺ ነዋ መልስሽ?»
«እሺ።»
ድምፁ ተቆራረጠ። እያለቀሰ ነው? ስልኩን ዘግቼ ካርቶኑን ከፈትኩት። ሮዝ የሚዜ ቀሚስ። ከላዩ ወረቀት፦ «ኖቬምበር 22 ከእጮኛዬ ከውዴ ጋር ልንጋባ ነው። ከጎኔ ትቆሚልኛለሽ?»
ምን አደረግኩ?

ዓርብ፣ ኖቬምበር 7
አሞኛል ብዬ ሳልናገር ቀረሁ።
እማዬ ከሺፍት ገብታ ቤት ስትጠርግ ቀሚሱን አገኘችው። ሁሉንም ነገርኳት።
«ሳትቀምሺ ጣፈጠኝ አልሽ?» ሳቀች። ከዚያ አልጋው ላይ ተቀመጠች። «አትክፈቺ ብዬ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ለኔ ብለሽ ግን ከሰርጉ እንዳትቀሪ። ለሱም ብለሽ አትሂጂ።»
ታዲያ ለማን ብዬ?

እሑድ፣ ኖቬምበር 9
አባዬ በር ላይ ፓርክ አድርጎ ጠበቀኝ። ካርቶኑን ይዤ መኪናው ውስጥ ገባሁ።
«አባዬ፣ ወደድኩት ያልኩህ... ሳልከፍተው ነው።»
መሪውን ይዞ ቀረ።
«ከጎንህ መቆም አልችልም። ገና ዝግጁ አይደለሁም። መጥቼ ግን ከእንግዶቹ ጋር እቀመጣለሁ።»
ካርቶኑን አየ። «ቀሚሱስ አስጠላሽ?»
«ጠበበኝ።»
ዞሮ አየኝ። ከቤት ሲወጣ የነበረኝን ልክ ነው የገዛው።
«ልቀይረው። ለሚዜነት አይደለም... እንዲሁ። አሁን ልክሽ ስንት ነው?»
ነገርኩት።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 10
አስተማሪዋ «ዛሬስ ተሻለሽ?» አለችኝ።
«ዓርብም አላመመኝም ነበር» አልኩና «ጊፍት»ን ልናገር ተነስቼ ቆምኩ።