ንፍሮ የቀመሰው ጋዜጠኛ

ልጄ ሀጀራ፣ አላህ በሰው አገር ሰው ይስጥሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ላሚቱም ወልዳለች።

ጎረቤታችንን አሕመድኑርን ናዳ እንደወሰደብን በሬዲዮ ሰምተሻል። የሬዲዮው ጋዜጠኛ ለቅሶ ቤት መጥቶ መቅረጫውን ሳይከፍት ከእኛ ጋር ቁጭ ብሎ አለቀሰ። የሟች ባለቤት ኡምኩልሱም «ወንድሜ፣ ለቅሶ ደርሰህማ ንፍሯችንን ሳትቀምስ አትሄድም!» ብላ በእፍኟ ሰጠችው። ዜናውን ሲያወራም ድምፁ ተቆራረጠ። አለቃው «ጋዜጠኛ ያለቅሳል እንዴ?» ብሎ ተቆጣው አሉ። እኛ ግን መረቅነው፤ እሱ ካለቀሰ ወዲህ የእርዳታው እህልም የመጠለያው ሸራም መጣልን።

አንቺ ድምፅሽን ቀድተሽ በምትልኪልኝ ካሴት ሁሉ «ደህና ነኝ» ትይና መሃል ላይ መቅረጫውን ታጠፊዋለሽ። እባክሽ ልጄ፣ የሚቀጥለውን ስትቀጂ አታጥፊው። ቢከፋሽ አልቅሺ፤ ካሴቱ አጠገብ ቁጭ ብዬ እሰማሻለሁ። ሳቅሽን ደግሞ አላህ እዚሁ ደጃችን ላይ ያሰማኝ።

እናትሽ ዘሀራ፣ ከወግዲ