በነሐሴ የተገመገመችው ጤና ጣቢያና አቶ ካሣ ባህሩ

ከትናንት ጀምሮ ድንኳኑ የገባ ለቀስተኛ ሁሉ «ዶክተር ካሣ» እያለ ያለቅሳል። አቶ ካሣ ባህሩ ዶክተር አልነበሩም። የጤና ቢሮ መኪና በራቸው ስለምትቆም ሰፈሩ ሾማቸው እንጂ፣ ሥራቸው ጤና ጣቢያዎች የሚሰጡት ጥቅም ከሚወጣባቸው ወጪ ጋር መመጣጠኑን መገምገም ነበር። እኛ ጎረቤቶቻቸው ግን የታመመ ልጅ ታቅፈን ደጃቸውን ማንኳኳት አልተውንም፤ እሳቸውም «እኔ የማክመው በጀት ነው» እያሉ ሐኪም ቤት ያደርሱን ነበር።

አቶ ካሣ ከአባታቸው ከአቶ ባህሩ ወልደ ሰማዕትና ከእናታቸው ከወ/ሮ ንጋትወርቅ ተሰማ በ1954 ዓ.ም. አዋሽ ሰባት ኪሎ ተወለዱ። አባታቸው የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ነበሩ። እሳቸው እዚሁ ተምረው፣ በሂሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ይዘው፣ ኋላም ሰመራ ተዛውረው አገልግለው ወደዚሁ ተመለሱ። በ1985 ወ/ሮ አስረሳችን አግብተው ሄዋንንና ፍሬምናጦስን አፈሩ።

በ2008 ነሐሴ፣ ከአዋሽ አርባ ወዲያ ያለች አንዲት ጤና ጣቢያ ሊገመግሙ ሄዱ። አርብቶ አደሩ ዝናብ ተከትሎ ከብቱን ይዞ ርቆ ነበርና፣ ወረፋው ይቅርና ደጁ ላይ ዝንብ እንኳ አላገኙም። «ወጪዋ ከጥቅሟ ይበልጣል» አሉ፤ ተዘጋች። በበጋ ሰዉ ሲመለስ ሃፍሳ የምትባል ነፍሰ ጡር ምጥ ይዟት በቃሬዛ ብትመጣ፣ በሩ ተቆልፏል። ወደ ከተማ ስትወሰድ መንገድ ላይ ከነልጇ ሞተች።

አቶ ካሣ ይህን ከሰሙ ወዲህ «በነሐሴ አይቼ ለዓመቱ ፈረድኩ፤ ተሳስቻለሁ» እያሉ የአለቆቻቸውን ደጅ ጠኑ። ጥርስ ተነከሰባቸው፤ ሹመትም ቀረባቸው። በሁለተኛው ዓመት ጣቢያዋ ተከፈተች። ሃፍሳ ግን አልተመለሰችም፤ እሳቸውም እንድንረሳት አልፈቀዱልንም።

ጡረታ ከወጡ በኋላ የስኳር ሕመም እግራቸውን ጎዳው። ከተማ ሐኪም ቤት እያለ «እዚያችው ጣቢያ ካልታከምኩ» አሉ፤ ግትርነታቸውን ታውቁታላችሁ። ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ63 ዓመታቸው እዚያው አረፉ። ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተውልናል። አምላክ ነፍሳቸውን በሩ በማይቆለፍ ቤት ያሳርፍልን።

አንዲት ነገር ግን «ሳትቀር ትነበብ» ብለው አደራ ጥለውብናል። ሊያርፉ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ከሰመራ አዲስ ገምጋሚዎች ጣቢያዋ ድረስ መጥተው፣ ስንት አልጋ እንደተያዘ ነርስ ዘሀራን ጠየቋት።

«አንድ» አለቻቸው። «እሱንም የያዙት የዘጉን ሰውዬ ናቸው።»