ሁለተኛው ጎሚኒ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

ዛሬ የመኪናዬን የዘይት ፊልትሮ ራሴ ቀየርኩ። እዚህ ልጻፈው እንጂ ቢሮ ባወራው ጉረኛ ነው የሚሉኝ።

መጀመሪያ አልተሳካልኝም። አዲሱን አስሬ፣ ዘይት ሞልቼ ሞተሩን ሳስነሳ ዘይቱ ግቢው ላይ ተዘረገፈ። አባዬ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ያያል። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። "መገናኛ ጋራዥ ውሰጂው" ይለኛል ብዬ ስጠብቅ አንገቱን አስግጎ የፈሰሰውን ዘይት አየ። አስተያየቱ ነው እልህ ያስያዘኝ።

ሞተሩን አጥፍቼ ፊልትሮውን መልሼ ፈታሁት። በጣቴ ስዳብስ የአሮጌው ፊልትሮ ጎሚኒ፣ ያ ቀጭን የጎማ ቀለበት፣ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ለካ አዲሱን በላዩ ደርቤ ነው ያሰርኩት! ላጥኩት፣ ቦታውን ጠረግኩ፣ እንደገና አሰርኩ፣ የፈሰሰውን ዘይት ተካሁ። አስነሳሁት። አንዲት ጠብታ የለም።

ከሰዓት አባዬ ልሳለም ብሎኝ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወሰድኩት። አባዬ ጎንበስ ብሎ ከስር ሳያይ የማንም መኪና ውስጥ አይገባም፤ ታክሲም ቢሆን። ከቤት ስንነሳም አየ፣ ያውም ሁለቴ። እኔም ዳገቱን እስክንጨርስ ዓይኔን ከዘይቱ መብራት ላይ አልነቀልኩም።

ተሳልሞ ሲመለስ በሩን ከፍቼ ጎንበስ እስኪል ጠበቅኩት። ቀጥ ብሎ ገባና ቀበቶውን አሰረ።

"ምን ገተረሽ? ንጂ እንጂ!"