በደብረ ታቦር ብርድ በሙቀት ስለታመመው ላፕቶፔ

ለላፕቶፔ አምራች ኩባንያ የደንበኞች ድጋፍ ክፍል ክቡራን ኃላፊዎች
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ክቡራን፣ ጤናችሁ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰቦቻችሁ፣ ቢሮአችሁ፣ በቢሮአችሁ ያለው አየር ማቀዝቀዣስ ደኅና ነው? እኔ ፈንታነሽ በላይነህ እባላለሁ። በደብረ ታቦር ከተማ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጬ ለባለጉዳይ ማመልከቻ በመጻፍ ስተዳደር አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። እስከ ዛሬ የጻፍሁት ሁሉ የሌላ ሰው በደል ነበር፤ የራሴን እንድጽፍ ዕድሉን ስለሰጣችሁኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

አቤቱታዬን በአክብሮት አቀርባለሁ።

1. በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም.፣ በአንድ ሰኞ ጠዋት፣ «ለደኅንነትዎ ሲባል» በሚል ርኅራኄ የተሞላበት መልእክት፣ ፈርምዌር የሚባለውን፣ ማሽኑ ገና ሲነሳ መላ አካሉን የሚያዝዘውን ፕሮግራም አፕዴት እንዳደርግ ጠየቃችሁኝ። ታዛዥ ስለሆንሁ እሺ አልሁ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ላፕቶፑ በተከፈተ ቁጥር፣ የይለፍ ቃሌን እንኳ ጽፌ ሳልጨርስ፣ «የሙቀት መጠን 99 ዲግሪ፤ ለጥንቃቄ ይዘጋል» ብሎ ይጠፋል። በዚያ ጠዋት የከተማችን ሰው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ነበር። በእኛ ደጋ ውሃ እንኳ 99 ዲግሪ ሳይደርስ ነው የሚፈላው፤ ማሽናችሁ ከውሃ የበለጠ ታጋሽ መሆኑን ሳላደንቅ አላልፍም።

2. ጉዳዩ የእኔ ብቻ ቢሆን ዝም ባልሁ። ነገር ግን በላፕቶፑ ውስጥ የአቶ እሸቴ የይግባኝ ማመልከቻ ነበረ። አቶ እሸቴ ከጉና ተራራ ሥር የሚኖሩ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ ናቸው። ጎረቤታቸው የገብስ ማሳቸውን ድንበር ገፍቶ ወሰደባቸው፤ ተካሰው ተረቱ። ይግባኙ እስከዚያው ሳምንት ዓርብ ካልገባ መሬቱ ቀረ ማለት ነው። አሥራ አራቱን ገጽ እንደገና እንዳልጽፈው፣ የፍርዱ ግልባጭና የምስክሮቹ ቃል ሁሉ በዚያው በታመመው ማሽን ውስጥ ነው።

3. ብደውልላችሁ ስልክ የሚያነሳ ስላጣሁ በስልኬ ጽፌ አቤት ብል፣ ራሳቸውን ኦሊቨር ብለው ያስተዋወቁኝ ባልደረባችሁ ማክሰኞ መለሱልኝ። «እባክዎ ላፕቶፑን ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ይውሰዱት» አሉኝ። ያለሁት ደብረ ታቦር መሆኑን በትሕትና ገለጽሁላቸው። «ከዚያ የበለጠ ቀዝቃዛ ቦታ ይሞክሩና ፎቶ ይላኩ፤ ያለበለዚያ ጉዳይዎን ወደሚቀጥለው ደረጃ ማሳለፍ አንችልም» አሉ። ይህን ለአቶ እሸቴ ስነግራቸው፣ «የሚፈልገው ብርድ ከሆነ እኛ አገር ሞልቷል» አሉኝ።

ስለዚህ ረቡዕ ሳይነጋ በሚኒባስ፣ አቶ እሸቴ በቅሏቸውን ካሳደሩባት ከክምር ድንጋይ ከተማ ደረስን። ከዚያ ወዲያ ላፕቶፑ በአቶ እሸቴ በቅሎ፣ በአቶ እሸቴ ቡልኮ ተጠቅልሎ ሄደ፤ እኔ በእግሬ ተከተልሁ። ከጉና ትከሻ ላይ ስንደርስ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኗል። ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ከፈትሁት። 99 ዲግሪ አለና ጠፋ። አቶ እሸቴ እጃቸውን ጫን አድርገው ዳሰሱት።

«ልጄ፣ ይኼ እኮ እንደ ሬሳ ቀዝቅዟል» አሉኝ። «እኔን ብትሰሚኝ ወንዛዬ ወስደን ፍል ውሃው ውስጥ ብንነክረው ይሻለዋል።»

ምክራቸው ከእናንተው ምክር ያነሰ ሆኖ አላገኘሁትም። ቢሆንም ፎቶውን አንስቼ ላክሁ። አቶ ኦሊቨርም ስለ መልክዓ ምድራችን ውበት አድናቆታቸውን ገልጸው፣ መልካም የዕረፍት ጊዜ ተመኙልኝ፤ አስከትለውም አየር ማቀዝቀዣ ያለው ክፍል ውስጥ ሞክሬው እንደሆነ ጠየቁኝ።

ስንወርድ አቶ እሸቴ በቅሎዋን አቆሙና፣ «መሬቱን ያወረሰኝ አባቴ ነው። አንድ ዕቃ ሞቀኝ ስላለ ተወሰደ ብዬ ለልጆቼ እንዴት አወራዋለሁ?» አሉኝ። እኔም ቡልኮውን በላፕቶፑ ላይ ደግሜ አጠበቅሁት።

ሐሙስ ዕለት ገበያው አጠገብ ስልክ ወደሚጠግነው ወደ ኸድር ሄድሁ። ኸድር ፎቶ አልጠየቀኝም። ከፈተው፣ አየው፣ የሆነ ነገር አነበበ። «ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ሙቀቱን የሚያነበው አዲሱ ፕሮግራም ነው የተሳሳተ» አለኝና የድሮውን ፈርምዌር መለሰበት። ሙቀቱ 31 ሆነ። እዚያው ቁጭ ብዬ ማመልከቻውን አተምሁ። ዓርብ አቶ እሸቴ ከጉና ሥር መጥተው እስኪፈርሙ ጠብቄ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው አስገባን። አቶ እሸቴ ማኅተሙ እስኪደርቅ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቆሙ። ይግባኙም ተቀባይነት አግኝቶ ጎረቤታቸው መልስ እንዲሰጥ ታዟል።

4. ይህን የምሥራች ለእናንተ ባካፍል፣ ማሽኑ እውቅና በሌለው ሰው በመነካቱ ዋስትናው መሰረዙን አስታወቃችሁኝ። ማሽኔን ያሳመሙት እውቅና ያላቸው፣ ያዳነው ደግሞ እውቅና የሌለው መሆኑን በግልጽ ስላስረዳችሁኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

ስለዚህ ክቡራን፣ ሌላ ደንበኛ ሌላ ተራራ ከመውጣቱ በፊት ያን አፕዴት እንድታነሱት እየለመንሁ፣ ለሥራችሁ ዕረፍት፣ ለዕረፍታችሁም ርዝመት እየተመኘሁ፣ ከአጥሩ ሥር ካለው ወንበሬ ተነሥቼ እጅ እነሣለሁ።

የማትረሳችሁ
ፈንታነሽ በላይነህ
ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ደብረ ታቦር

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ አቶ ኦሊቨር በግል መልእክት ላኩልኝ። የእርሳቸውም ላፕቶፕ ከትናንት ጀምሮ 99 ዲግሪ እያለ እየጠፋባቸው ስለሆነ የኸድርን ቁጥር ጠየቁኝ፤ በደስታ ሰጥቻቸዋለሁ። ብቻ እንዳይደነግጡ አስቀድማችሁ ንገሩልኝ፤ ኸድር ሲደወልለት ስልኩን ያነሳል።