ወርዶ ያላለቀው ምርቃት

ሰኞ
ለልጄ ለማርታ "የእናትሽን ምርቃት አይቼዋለሁ" ያልኳት ውሸት ነው። ባለቤቴ ልታርፍ ባለችበት ሰሞን ለልጆቿ የተናገረችውን የምርቃት ቃል ማርታ በስልኳ ቀርጻ፣ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጣ አድራሻውን ከላከችልኝ ቆየ። ፋይሉ ትልቅ ነው፤ ሁለት ጊጋ ያልፋል። ባወርደው ባወርደው ይቋረጣል። በኔትወርክ አሳበብኩ። በተቋረጠ ቁጥር ግን ደስ ይለኝ ነበር። ጌታ ያውቃል።

ዛሬ ከሐዋሳ ደወለች። "አባዬ፣ እሁድ ለጊፋታ በዓል ሁላችንም እንመጣለን፤ የእማዬን አብረን እናያለን። አንተ ጋ ስላለ የኢንተርኔቱን ማስቀመጫ ከፍዬ አላሳደስኩትም፣ ቅዳሜ ማታ ይጠፋል።" ስልኳ ተሰርቋል፤ ሌላ ቅጂ የለም። አሳድሺው ብላት ውሸቴ ይወጣል። "እሺ" አልኩ። እሺ!

ማክሰኞ
በምሠራበት የቤተ ክርስቲያን ቢሮ ኮምፒውተር ሞከርኩ። ሄደ ሄደና የወረደውን በሚያሳየው ቁጥር ፊት የመቀነስ ምልክት አወጣ፣ ቆመ። ከዜሮ በታች የወረደ ፋይል ምን ማለት ነው?
በጸሎት ሰዓት ወንድሞችን "ለኔትወርኩ ጸልዩልኝ" አልኳቸው። ለምን እንደሆነ አልተናገርኩም። እንዲህ ያለ ጸሎት ይሰማል?

ረቡዕ
ሲም ቀየርኩ። ያው ቦታ ላይ ቆመ። ኔትወርክ ቢሆን አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ነበር የሚቆመው። ከሰዓት መብራት የለም።

ሐሙስ
ኮምፒውተር የሚያስተምረውን ጎረቤቴን ታደለን ጠራሁት። አይቶ ሳቀ። "ጋሼ፣ ኔትወርኩን በከንቱ ነው ያሙት፤ ዛሬስ ንጹሕ ነው!"
ማውረጃ ፕሮግራሙ አርጅቷል አለ። ፋይሉ በተቆለፈ፣ ሌላ ሰው በማያየው መስመር ነው የሚመጣው፤ አሮጌው ፕሮግራም በዚያ መስመር ሲያወርድ የሚቆጥርበት ቦታ ጠባብ ነው። ሁለት ጊጋ ላይ ይሞላና ቁጥሩ ይገለበጣል፤ ግራ ገብቶት ይተወዋል። አዲሱን ጫነልኝ።
"ምንድነው ግን እንዲህ ያስጨነቀዎት?"
"የቤተሰብ ነገር" አልኩት።

ዓርብ
ወረደ። ሙሉውን። ደስታው ግን አልመጣም። አሁን ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም።
ማርታ በቀረጸችበት ቀን ባለቤቴ ስትናገር ከክፍሉ ወጥቼ ነበር። ስንብቷን መስማት ፈራሁ። አሁን ማሳበቢያ የለኝም። ልጸልይ ተንበረከክሁ።

ቅዳሜ
ሳልከፍተው ለማርታ ደወልኩ። መንገድ ላይ ነበረች። "ልጄ፣ ዋሽቼሻለሁ። አላየሁትም። የወረደውም ትናንት ነው።"
እሷም፣ "እንዳላየኸው አውቅ ነበር፤ ብታየው ስለ አንተ ያለችውን ትጠይቀኝ ነበር። አንተ ጋ አለመኖሩን ግን... አባዬ! ጉድ ልታደርገን ነበር እኮ!"
"ምን አለች?"
"ራስህ ስማው።"
በሩን ዘግቼ ከፈትኩት። ባለቤቴን ሳል ያዛት። ውኃ ጠየቀች። ከዚያ በወላይትኛ ስሜን ጠርታ ለልጆቹ፣ "መስማት ፈርቶ ነው የወጣው፤ አትቀየሙት" አለቻቸው። እስከ መጨረሻው ሰማኋት። ነገ ከልጆቹ ጋር ደግሞ እሰማታለሁ፤ የምችል ይመስለኛል።