በቪዲዮ የተጋለጠ እንቅልፍ

ጎራክሽ፣

ወደ አገሬ ወደ ናሲክ የሚሄደው አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ብዬ ሳልቀሰቅስህ ወጣሁ። ምስሩ ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቀህ ብላ። ጋዙን ዝጋ፣ አደራ!

ያ ደግ ዘመን ትዝ ይልሃል? የወሩን አንድ ጊጋ ዳታ ለሁለት ስንካፈል፣ የእህቴ የሠርግ ፎቶ እስኪከፈት ሩዝ ይበስል ነበር። አባቴም ሚስኮል አድርገው ዝም ነው። "ኔትወርክ የለም" ብሎ መዋሸት እንዴት ቀላል ነበር! አሁን ዳታው እንደ ክረምት ጎርፍ ሆነና አባቴ የሚያልቧት ጎሽ ስታመነዥክ ሳይቀር በቪዲዮ ያሳዩኛል።

አንተ ደግሞ ትናንት ስልኬን አንስተህ፣ በጠራራ ፀሐይ አፌን ከፍቼ ሳንኮራፋ ለአባቴ አሳየሃቸው። "ዛሬ ሥራ የለውም እንዴ?" ሲሉህ፣ "ኧረ ባባ፣ ከተባረረ ሁለት ወሩ!" አልካቸው። አፍህም እንደ ዳታው ገደብ የለውም።

ከዚያ በኋላ ያልኩህን ነገር...
ተወው።

ማታ አንተ ሳትገባ መልሰው ደወሉ። ይቆጡኛል ስል፣ "ሽንኩርቱ ደርሶ የሚነቅል ሰው አጥቻለሁ። ለምን አልነገርከኝም፣ ልጄ?" አሉኝ። ሻንጣዬን አዘጋጀሁ።

ስደርስ በቪዲዮ እደውላለሁ። ሳትነግረኝ የምትለብሰውን ሸሚዜን አውልቀህ ስልኩን አንሳ።

ሶፓን