መምህርት ሸዋጌጥ መሸሻ፣ የዓርቡ ጨዋታና የድርቤ ነገር

መምህርት ሸዋጌጥ መሸሻ ከሸዋ በጸሐፊነት ከመጡት አባታቸው ከአቶ መሸሻና የጉቴ ተወላጅ ከሆኑት እናታቸው ከወይዘሮ ወርቂቱ ባቻ በሚያዝያ ወር 1919 ዓ.ም. በነቀምቴ ከተማ ተወለዱ። በቤታቸው አባት በአማርኛ ይጠይቃሉ፣ እናት በኦሮምኛ ይመልሳሉ፤ እርሳቸውም በሁለቱም አፍ ፈቱ።

ፊደል ያስቆጠሯቸው አባታቸው ናቸው። ጠላት ከአገር ከወጣ በኋላ መደበኛ ትምህርት ጀምረው፣ በአዲስ አበባ በመምህርነት ሠልጥነው፣ በ1943 ዓ.ም. በነቀምቴ ማስተማር ጀመሩ። በ1946 ዓ.ም. ከአቶ ጆቴ ጃራ ጋር ተጋብተው ሦስት ልጆች ወልደዋል።

በዚያው ዓመት ሁለት ተማሪዎች በስድብ ተጣልተው ተደባደቡ። መምህርት ሸዋጌጥ አለንጋ አላነሡም። ሰዳቢው ተሰዳቢውን፣ ተሰዳቢውም ሰዳቢውን ሆኖ ነገሩን እንደገና እንዲጫወቱት አዘዙ። ሰዳቢው ሳይጨርስ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ አግዳሚ ወንበሮቹ ወደ ግድግዳ ይጠጉ ነበር። በቃል የሚጠና ነገር አልነበረም። አንዷን ቅቤ ሻጭ፣ ሌላውን ሚዛኑን የተጠራጠረ ገዢ ያደርጓቸዋል፤ የቀረውን ልጆቹ ከልባቸው ያመጡታል። ጓደኛህ ያመጣውን አትጣልበት፣ ተቀብለህ ጨምርበት የሚል አንድ ደንብ ብቻ ነበራቸው። ሲጨርሱ ክብ ሠርተው እየተቀመጡ፣ ምን እንዳናደዳቸውና ምን እንዳስፈራቸው ይነጋገራሉ።

ድርቤ የምትባል የአሥራ ሁለት ዓመት ተማሪ ነበረች። በክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ እንኳ አንገቷን ትደፋለች እንጂ ድምፅዋ አይሰማም። በጨዋታው መሐል ግን አንድ ዓርብ ቅቤ ሻጭ ሆና ተነሣች፤ በኦሮምኛም እንደ ልቧ ተናገረች። ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ እርሷም አብራ ሳቀች። መምህርቷ አልከለከሏትም፤ እንዲያውም በዚያው ቋንቋ አበረታቷት።

በ1948 ዓ.ም. ድርቤ በዚሁ አኳኋን ስትጫወት አንድ ተቆጣጣሪ ሳይታሰብ ገባ። በክፍል ውስጥ ከአማርኛ በቀር እንዳይነገር ተከልክሎ ሳለ ይህን ማን እንደፈቀደ ጠየቀ። መምህርት ሸዋጌጥ ለእንጀራቸው ፈሩ። ልጅቷ እያየቻቸው፣ “እኔ አልፈቀድኩም፤ ቋንቋውንም አላውቀው” አሉ። ድርቤ ከትምህርት ተሰናበተች። እናታቸው የሰጧቸውን አንደበት በአንድ ቃል እንደካዱ፣ በልጅ ላይም እንደዋሹ ለቤተሰቡ ደጋግመው ተናግረዋል። ጨዋታውን ያን ዕለት አቆሙ። ጉቴ ወዳለው የድርቤ አባት ቤት ሁለት ጊዜ ሄደው ሁለቱንም ጊዜ ድፍረት አጥተው ከደጃፉ ተመልሰዋል።

በ1956 ዓ.ም. ድርቤ አኖ በተባለ ቦታ ተድራ እንደምትኖር ሰምተው ሄዱ። ያደረጉትን ሳይሸፍኑ ነግረው ይቅርታ ጠየቁ። ወይዘሮ ድርቤ ዛሬም ልጆቹን ያጫውቱ እንደሆነ ጠየቋቸው። መተዋቸውን ሲነግሯቸው፣ በኦሮምኛ የአክብሮት ጥሪ፣ “አዴ፣ እንግዲያ እኔ የተባረርኩት ለምንድን ነው?” አሏቸው።

መምህርት ሸዋጌጥ በሚቀጥለው ሳምንት፣ ጨዋታውን በሁለቱም ቋንቋ እንደሚጀምሩና በ1948ቱም ነገር ጥፋተኛዋ ራሳቸው እንደነበሩ ለበላዮቻቸው በጽሑፍ አስታወቁ። በዚሁ ምክንያት ከባለቤታቸውና ከልጆቻቸው ተለይተው ወደ ኪራሙ ተዛወሩ። በዚያ ሁለት ዓመት አስተምረው ተመለሱ፤ እስከ ታመሙ ድረስም ጨዋታውን አላቋረጡም። ሰው ሲያመሰግናቸው ግን ፊታቸው ይጠቁር ነበር። ለድርቤ የዘገየ ነው ይሉ ነበር።

በ1965 ዓ.ም. በጉበት ሕመም ተይዘው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ኅዳር 9 ቀን 1966 ዓ.ም. በተወለዱ በ46 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን አቶ ጆቴን፣ ልጆቻቸውን ሞረዳን፣ አሰፋችንና ተረፋን ትተው አልፈዋል።

ይህ ታሪክ ምንም ሳይቀነስለት በሕዝብ ፊት እንዲነበብ የተናዘዙት ራሳቸው ናቸው። ቤተሰቡ አመነታ። ወይዘሮ ድርቤ ጥቅምት ላይ ሊጠይቋቸው ከአኖ በመጡ ጊዜ ጽሑፉ በአልጋው አጠገብ ተነበበላቸው፤ ስማቸው ይቀየር እንደሆነም ተጠየቁ። የመምህርታቸውን እጅ ይዘው፣ “ይነበብ። ስሜንም አትለውጡት” አሉ።

እግዚአብሔር የእኅታችንን ንስሐ ተቀብሎ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ያሳርፍልን፤ ለቀሩትም ብርታቱን ይስጥ። አሜን።